ጁፒተር በቅቤ

ስማኝማ ወዳጄ፣ ጀበናው እስኪንተከተክ አንድ ነገር ላጫውትህ። አደራ፣ ለሰው እንዳትነግር። ለነገሩ መርጡለ ማርያም ውስጥ ያልሰማ የለም፤ ለማን ትነግራለህ?

ነገሩ የተጀመረው በጫማ ነው። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ልትመጣ ስትል «ምን ላምጣልህ?» አለችኝ፤ «ጫማ፣ አርባ ሁለት ቁጥር» አልኳት። እሷ ግን ልጅ ሳለን «ኪንታሮት ይወጣባችኋል» እየተባልን ደጅ ተጋድመን ኮከብ ስንቆጥር የነበረው ትዝ ብሏት፣ በጫማው ፈንታ ቴሌስኮፕ ተሸክማ መጣች። ምን ይባላል፣ ዘመድ ነው። በአሮጌው ጫማዬ ሰማይ ማየት ጀመርኩ።

ቱቦው ውስጡ መስታወት ያለው፣ ኒውተን የፈለሰፈው ዓይነት ነው፤ ያየውን ሁሉ ገልብጦ ያሳያል። መጀመሪያ የሞከርኩት በጠራራ ፀሐይ፣ ንግሥት እሌኒ ባሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ ነበር። በዚያ ያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ። «ግራኝ አቃጠላት ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በአናቷ ያቆማት ግን አንተ ነህ» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ለኮከብ እንኳ ግድ የለም፤ ኮከብ ላይና ታች የለውም።

ታዲያ በ2014 ዓ.ም. ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ አንድ ወሬ እንቅልፍ ነሳኝ። ሚያዝያ 23 ሊነጋጋ ሲል አጥቢያ ኮከብና ጁፒተር ከሙሉ ጨረቃ ወርድ ባልበለጠ ክፍተት ጎን ለጎን ይቆማሉ ተባለ። እውነተኛ ርቀታቸውማ ሌላ ነው፤ ጁፒተር ከአጥቢያ ኮከብ ከአምስት እጥፍ በላይ ይርቀናል። ከእኛ ጓሮ ሲታዩ ግን ባልና ሚስት ናቸው። ቀኑ ደግሞ እሑድ፣ ዳግማ ትንሣኤ፣ በዚያ ላይ የጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል። እኔ ይህን በሆዴ ይዤ መተኛት ስችል፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ሆኜ ቅዳሜ ማታ ጠላ ቤት ገባሁና «ነገ ጠዋት ኮከብ ላሳያችሁ» አልኩ። ወሬው ከጠላ ቤቱ ሲወጣ «ኮከብ ሊቆጥር ነው» ሆኖ ወጣ።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ጓሮ ወጣሁ። ጨረቃ የለችም፤ በዚያው ሌሊት ነው አዲስ የተወለደችው። ጨለማው ድቅድቅ ያለ ስለነበር የጊደሯን ካስማ ያገኘሁት በአውራ ጣቴ ነው። አርባ ሁለት ቁጥር አዲስ ጫማ ቢሆን ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ። ብቻ ምሥራቁን ባይ ሁለቱ ተጠጋግተው ያበራሉ፤ ከበላያቸው ማርስና ሳተርን ተሰልፈዋል። ቱቦውን አነጣጠርኩ። አጥቢያ ኮከብ ጎኗ ጎደል ብሎ፣ ጁፒተር ከነጨረቃዎቹ፣ ሁለቱም በአንዲት ጠባብ መስኮት! ጋሊሊዮ በፈረንጆቹ 1610 እነዚያን ጨረቃዎች ሲያገኝ የእሌኒ ቤተ ክርስቲያን ከተሠራች መቶ ዓመት ገደማ ሆኗት እንደነበር እያሰብኩ፣ በኩራት ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

ከዚያ ሰው መጣ። ነጠላ የለበሰ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ከመድረሱ በፊት በእኔ ጓሮ ያልፋል። አንዱ ስሙንና የእናቱን ስም በወረቀት ጽፎ ይዟል። አንዲት ሴት የጠፋች ጥጃዋ በየት አቅጣጫ እንዳለች ልታስነግር ነው የመጣችው። «ይህ የዚያ ዓይነት ኮከብ አይደለም» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ማን ሰምቶኝ። መሬት ስለምትዞር ኮከቡ በአንድ አፍታ ከመስኮቱ ሾልኮ ይወጣል፤ አንዱን አሳይቼ ሌላው እስኪጠጋ «ምንም የለም!» ይባላል፤ እንደገና ቱቦውን ገፋ፣ እንደገና ፈልግ።

በዚህ መሃል የአጥር ጎረቤቴ እትዬ ሰልፉን ሰንጥቀው ደረሱ። «ይህችን ነው? ለኪዳን የምትቀሰቅሰኝ እሷ አይደለችም እንዴ!» አሉና አጎነበሱ። የፋሲካ ሳምንት ነው፤ ለጋ ቅቤ አናታቸው ላይ ጉች ብሏል። ግንባራቸውን ከትንሿ መስታወት ጋር አጣበቁና ብዙ ቆዩ። ጨለማ ስለሆነ ምን እንደተላለፈ ማን አየ።

ቀጥሎ ያለው ልጅ «ጋሼ፣ ጉም ነው» አለ። ጤዛ መስሎኝ በጋቢዬ ጫፍ ወለወልኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ እያሸሁ ቅቤውን አዳረስኩት። ቀጥላ ያየችው ሴት ግን ጮኸች፤ ጁፒተር እንደ ጻድቃን ሥዕል ዙሪያውን የብርሃን አክሊል ደፍቷል! እልልታው ቀለጠ። እኔም፣ ምን ልበልህ፣ አላስተባበልኩም። አንዲት ባልቴት «ፈረሱንም አየሁት» አሉ፤ ጊዮርጊስ ነዋ።

እልልታውን ሰምተው የኔታ መጡ። መቋሚያቸውን ለልጁ አስያዙና ዓይናቸውን አስጠጉ። ዝም አሉ። ከዚያ አፍንጫቸውን አስጠጉ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

«ልጄ» አሉ ቀና ሲሉ፣ «ሄኖክ የፀሐይን በሮች በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት ብሎ ሲጽፍ ብርሃን አየ እንጂ ቅቤ አሸተተ አልተባለም።»

ሳቁን ተወው። እትዬ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። እኔ ስለ መስታወትና ስለ ብርሃን ልተነትን «እ… ማለትም…» እላለሁ፤ የጋቢዬ ጫፍ እንኳ በቅቤ ወዝቶ በሰው ባትሪ ያብረቀርቃል። ባለ ወረቀቱ ሰውዬ ብቻ አልሳቀም። «ከእኔ ኮከብ ላይ ነው ቅቤ የወጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም። «ቅቤማ ሀብት ነው» ብሎ ደስ ብሎት ሄደ።

ከቅዳሴ መልስ እትዬ ሊክሱኝ ቡና ጠሩኝ። እዚያም አላረፍኩም። ክብሬን ላስመልስ ብዬ፣ በ2019 በፈረንጆች አቆጣጠር ኢትዮጵያ በድርሻዋ ለአንድ ሩቅ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው ለሚዞረው ዓለም ደግሞ «አቦል» የሚል ስም እንዳወጣች አጫወትኳቸው። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ የተነሣው ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ ገና ልጅ ሳሉ ነው አልኳቸው።

«ሁለት መቶ ዓመት የሚፈጅ አቦል ማን ይጠብቃል? ስኒህን አምጣ» አሉኝ።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። እንቅልፌን ሳልጨርስ ብከፍት እትዬ ናቸው፤ ጸጉራቸውን በፌስታል ጥፍር አድርገው አስረዋል። «ዛሬ በደንብ ላያት» አሉ። እምቢ ይባላል? ቱቦውን አወጣሁ። አጥቢያ ኮከብና ጁፒተር ግን ተላልፈው፣ በመሃላቸው ጣት የሚያህል ሰማይ ገብቶ፣ በአንድ መስኮት አልገባ አሉኝ። እትዬ አንዴ በቱቦው፣ አንዴ በባዶ ዓይናቸው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው፣ ተጣሉ እንዴ?»