ሦስት ዓመት ተጫውተው ማን አሸነፈ?

ጨዋታ ማለት መሸናነፍ ነው። ገበጣም ሆነ ዳማ፣ ኮንከርም ቢሆን፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ይፎክራል፣ ሌላው ሻይ ይጋብዛል። ሠላሳ ዓመት አልፎት አላገባም ያለው ልጄ ግን እዚህ ሜሪላንድ፣ ከመኪናው እስከ ማድቤቴ ድረስ የሚያስጮኸው አንድ ፖድካስት አለ። ሰዎቹ ሲጫወቱ እንጂ ሲሸናነፉ ሰምቼ አላውቅም። «ኧረ ለመሆኑ ማን አሸነፈ?» ብለው፣ «አባዬ፣ በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፍ ሰው የለም» አለኝ። ታዲያ ምን ሊሆኑ ተቀመጡ?

ስሙ «ዘ አድቬንቸር ዞን» ነው። ሦስት ወንድማማቾች፣ ጀስቲን፣ ትራቪስና ግሪፈን ማክኤልሮይ የሚባሉ የዌስት ቨርጂኒያ ልጆች፣ ከአባታቸው ከክሊንት ጋር «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲጫወቱ እየቀዱ ለሕዝብ ይለቁታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀምሩት እንኳ የክፍተት መሙያ ነበር። ጀስቲን ልጅ ተወልዶለት ከሌላው የቀልድ ፕሮግራማቸው ዕረፍት ሲወጣ ሰዓቱ ባዶ እንዳይሆን የተቀዳ ነገር ነው። መሙያው ግን በዚያው ሥር ሰደደ፤ የመጀመሪያው ታሪክ ብቻ እስከ 2017 ዘለቀ። ሦስት ዓመት! በሦስት ዓመት ሰው ትምህርት ይጨርሳል፣ ቤት ይሠራል፣ ያገባል።

አሠራሩን ልጄ በትዕግሥት አስረድቶኛል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ዋሻውም፣ ሽፍታውም፣ ባለሱቁም እሱው ነው። የቀሩት አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይገባሉ። «ዋሻው አፍ ላይ ደርሳችኋል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል ተራኪው። አንድ ነገር ልሞክር ያለ ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ይጥላል። በወጣው ቁጥር ላይ ችሎታው ይደመርለትና፣ ተራኪው ከወሰነው ልክ ከደረሰ ተሳካለት፣ ካልደረሰ ጉድ ፈላ።

እኔ ያደግሁበት ተረት እንዲህ ሥርዓት የለሽ አልነበረም። አያቴ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለን አፋችንን እንይዝ ነበር። እነዚህ ደግሞ «በረቱን አቃጥያለሁ፣ ላሚቱን ግን ላናግራት እፈልጋለሁ» የሚሉ አድማጮች ናቸው። ምስኪኑ ተራኪ ሳምንት ሙሉ ያሰናዳውን ድራጎን ትቶ ላሚቱ ምን ብላ እንደምትመልስ ይጨነቃል። ሳቁ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ጭንቀት ነው። እኔ ብሆን በኩርኩም አስቆማቸው ነበር።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት ይህ ጨዋታ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 መባቻ፣ ከዊስኮንሲን ነው። ወደ እኛ ዘመን ስመልሰው 1966! እኛ በየካቲት 66 አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» እያልን ጉሮሯችን ሲሰነጠቅ፣ እነሱ ጭራቁ ስንት ጊዜ ቢመታ እንደሚሞት ያሰሉ ነበር። የእኛ ትውልድ ያኔ የጀመረውን ክርክር ዛሬም በየካፌው ይደግመዋል። የእነሱ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2014 አምስተኛ እትም ደረሰ።

ባለቤቴ በበኩሏ «ድግምት»፣ «ጠንቋይ»፣ «ጋኔን» የሚሉ ቃላት ከሳሎን ሲመጡ ሰምታ ዝም አላለችም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካኖቹም ጨዋታውን የሰይጣን ነው ብለው ተንጫጭተውበት ነበር፤ እሷ ግን ሳትንጫጫ ቅዳሜ ማለዳ የልጁን ዳይስ በሙሉ ጠበል ረጨችበት። ማታ ልጄ ሃያ ጣለ። ደግሞ ሃያ ጣለ። አሁን ጓደኞቹ ገና ከበር ሲገቡ ዳይሳቸውን ይዘው «እማማ፣ ለእኛም» ይሏታል።

ስለ ገጸ ባሕርያቱ ባልናገር ደስ ባለኝ። የጀስቲን ጠንቋይ ታኮ ይባላል፤ አዎ፣ እንደ ሜክሲኮው ምግብ። የትራቪሱ ማግነስ መጥረቢያ ይዞ ሳያስብ ዘው የሚል ነው። አባትየው ክሊንት ደግሞ መርል የተባለ ጢማም ድንክ ካህን ነው። ካህን እንደመሆኑ የቆሰለ መፈወስ ሥራው ነበር፤ እሱ ግን ፈውሱን ትቶ በክልሉ የገባ ሰው መዋሸት የማይችልበትን ድግምት በረባ ባልረባው ይደግማል። ልጆቹም በዚህ ይስቁበታል። እኔ ግን ድግምቱን ለአንድ ምሽት ቢያውሰኝ የት እንደምወስደው አውቃለሁ። መጀመሪያ የዕድራችን ሒሳብ ሪፖርት ሲነበብ፣ ቀጥሎ «ልጃችን አይጠጣም፣ አያጨስም» የሚሉ ሽማግሎች ሲመጡ።

እውነቱን ልናገርና፣ ከሁሉ የሚያበግነኝ ይሄው ክሊንት ነው። ዕድሜውን በሬዲዮ ሥራ ያሳለፈ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ደንቡን ይረሳል፣ ነገር ያምታታል፣ ልጆቹ ይስቁበታል፤ በሚቀጥለው ክፍል ግን መልሰው ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ታሪኩ በሥዕል መጽሐፍ ታትሞ የኒውዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር አናት ላይ ሲወጣ፣ የአባትየው ስም ከልጆቹ ስም ጋር ሽፋኑ ላይ ነበር። የእኔው ልጅ ደግሞ በየቅዳሜው ከጓደኞቹ ጋር እኔ በገዛሁት የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰየምና፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ቃል «አባዬ፣ ዜናውን ትንሽ ቀንስልን» ነው።

ስለዚህ ሳይጠሩኝ ቅድመ ሁኔታዬን አስቀምጣለሁ። ድንክ አልሆንም፤ ቁመቴ የሚበቃኝን ያህል አጥሯል። የዋሻው ኬላ ሹም እሆናለሁ፤ ሳይቀረጥ የሚያልፍ ጀግና የለም። ከጠረጴዛ የወደቀ ዳይስ፣ የጣልኩት እኔ ከሆንኩ፣ እንደገና ይጣላል። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ድረስ ጭራቅ ድርሽ አይልም። ድራጎኑም ዘንድ ሰይፍ ተመዞ አይኬድም፤ ቀድሞ ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌውም እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ወርቅ ተንተርሶ የሚተኛ ድራጎን ለልጄ የምትሆን ሴት ልጅ አያጣም።