ስለ እድር ድስትና ስለማይለቅ ሙጫ

በአዲስ አበባ፣ ይልቁንም በቂርቆስና በካዛንቺስ፣ የአንዱ ቤት ብረት ድስት ከሌላው ቤት ብረት ድስት በመልክ አይለይም፤ ሁሉም ከመርካቶ የተገዛ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥላሸት የጠቆረ፣ ሁሉም በልቅሶ ቤት ጓሮ ጎን ለጎን ተጥዶ ያረጀ ስለ ሆነ፣ የባለቤቱን ማንነት የሚመሰክርለት ከጆሮው ሥር የተለጠፈች አንዲት ቁራጭ ፕላስተር ብቻ ናት። በእርሷም ላይ የእመቤቲቱ ስም በእስክሪብቶ ይጻፍና፣ ድስቱ ለልቅሶ፣ ለተዝካር፣ ለክርስትናና ለጽዋ ማኅበር በተውሶ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ይኖራል። ስሙ ገና በመጀመሪያው እጥበት ይደበዝዛል፤ ፕላስተሩም ሰንብቶ ይላጣል፤ ሙጫው ግን የሚመሰክረው ነገር ካለቀ በኋላ እንኳ ከምስክርነቱ ቦታ አይነሣም።

እንዲህ ያለውን ድስት ወደ ብርሃን አቅርቦ የተመለከተ ሰው አራት ማዕዘን የሆነች ጥቁር ምልክት ያያል። በዳርቻዋ የጤፍ ቅንጣት፣ የበርበሬ ዱቄትና የጋቢ ክር ተይዘው ቀርተዋል፤ መካከሏ ገና ቢጫ ነው፤ ጣት ሲነካት ትይዛለች፣ ጣት ሲሸሽም እየተሳበች ትከተላለች። ከሥሯ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ አለ፤ ድስቱ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ምራት በተላለፈ ቁጥር አዲሱ ስም በአሮጌው ሙጫ ላይ ስለሚለጠፍ፣ የአንድ ቤተ ሰብ የትውልድ ሐረግ በድስት ጆሮ ሥር ተደራርቦ ይገኛል።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ካዛንቺስን በነካ ጊዜ፣ ከእድራችን አባላት የሚበዙት ወደ ገላን ጉራ፣ የቀሩትም ወደየዘመዶቻቸው ሰፈር ሲሄዱ፣ የጋራው ዕቃ ከተውሶው ዕቃ ይለይ ዘንድ ግድ ሆነ። እኔም የእድሩ ጸሐፊ እንደ መሆኔ መዝገቡን ታቅፌ ከድንኳኑ ሥር ተሰየምሁ። የእድሩ ዳኛ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸውና ማንም ሙጫ የተጋገረበት ድስት ይዞ ወደ አዲስ ቤት እንዳይገባ፣ ዕቃውም ሁሉ ከመከፋፈሉ አስቀድሞ እንዲነጻ አዘዙ። ትእዛዙ አጭር ነበረ፤ የተከተለው ክርክር ግን እስከ ቀትር ቆየ።

ጉባኤው ወዲያው በሦስት ወገን ተከፈለ። የመጀመሪያው ወገን የጎረምሶች ነበረ፤ እምነታቸውም በቢላዋ ነው። ቢላዋ ሙጫውን በእርግጥ ያነሣዋል፤ ነገር ግን የድስቱን ልስላሴም አብሮ ስለሚያነሣና በጭረቱ ውስጥ የነገው ጥላሸት ስለሚሸሸግ፣ ትርፉ ከኪሳራው አይበልጥም። አንዲት እናት ድስታቸው ሲፋቅ በሰሙ ጊዜ «ኧረ ልጄ፣ ድስቱን ነው ወይስ እኔን ነው የምትገፈኝ?» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሁለተኛው ወገን የእናቶች ሲሆን መሣሪያው አመድ ነበረ። አመድ ጥላሸትን በማስለቀቅ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የተመሰከረለት ነው፤ ሙጫ ዘንድ ሲደርስ ግን ሙጫው አመዱን በደስታ ተቀብሎ ከጥቁርነት ወደ ግራጫነት ተሻገረ እንጂ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሦስተኛው ወገን አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እርሱም በሃይላንድ ቤንዚን ይዞ ብቅ ያለ የታክሲ ሾፌር ነው። በላቫጆ ከመኪና በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሁሉ በዚህ እንደሚነሣ በመሐላ ጭምር አስረዳ፤ እውነትም አለው። ነገር ግን ከእርሱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የቡናው ከሰል ፍም ሆኖ ነበር። ላምባ እስከ 38 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ በቀር ተኑ በቀላሉ እሳት አይዝም፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። ስለዚህ ቤንዚንን ወደ ምድጃ ማቅረብ ድስቱን ከሙጫው፣ እድርተኛውንም ከነፍሱ በአንድ ጊዜ ማለያየት ይሆን ነበርና፣ ሃይላንዱ በዳኛው ትእዛዝ ከግቢ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ዳኛው ራሳቸው ዕቃው በበርሜል ውስጥ ይቀቀል የሚል ሐሳብ አመጡ። በግቢው ጥግ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይመለከቱ የነበሩት መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉና፣ «በቂርቆስ ሰፈር ተቀምጦ የፈላ ጋን የሚፈራ የለም፤ ቅዱስ ገብርኤል ግን ሐምሌ 19 ቀን እሳቱን ያበረደው ለሕፃኑ ቂርቆስና ለእናቱ ለኢየሉጣ እንጂ ለፕላስተር አይደለም» አሉ። እንዳሉትም ሆነ፤ ሙጫው በፈላው ውኃ ውስጥ ሳለ ለስልሶ የተጸጸተ መሰለ፤ ከውኃው ወጥቶ ነፋስ ሲነካው ግን ወደ ቀድሞ ጠባዩ ተመለሰ።

«መሪጌታ፣ በመጻሕፍት ስለዚህ ነገር የተባለ የለም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንዴት አይኖርም! ኖኅ መርከቡን በቅጥራን ለቀለቀ፤ የሙሴም እናት የደንገሉን ሣጥን በዝፍትና በቅጥራን ለቀለቀች። ከሁለቱ ግን መልሶ ያስለቀቀ የለም። መለጠፍ ተጽፏል፤ ማላቀቅ አልተጻፈም።»

የመሪጌታ ሐተታ ለቅጥራን ይሠራል፤ የፕላስተር ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር መኪናን በሁለት ቀለም ማስዋብ ፋሽን ሆኖ ነበርና፣ ቀለም ቀቢዎች አንዱን ቀለም ከሌላው ለመከለል የሚለጥፉት ወረቀት ሲነሣ አዲሱን ቀለም ከብረቱ ላይ እየገፈፈ ያስለቅሳቸው ነበር። ስሪ ኤም የሚባለው ድርጅት ያን ጊዜ የብርጭቆ ወረቀት ይሠራ ነበር፤ ሪቻርድ ድሩ የሚባል ወጣት ሠራተኛውም ወረቀቱን ለማስሞከር ወደ ጋራዥ ሄዶ የቀቢዎቹን እርግማን ሰማ፤ በ1925 እ.ኤ.አ. ለእነርሱ የሚሆን የወረቀት ፕላስተር ሠራ፤ በ1930 ደግሞ መስተዋት መሳዩን ስኮች አወጣ። እንግዲህ ይህ በድስታችን ላይ ርስት የያዘው ፍጥረት በመጀመሪያ የታሰበው ከብረት ላይ ያለ ጠብ እንዲነሣ ነበረ። ጠባዩን ያበላሸነው እኛ ነን፤ ለአንድ ቀን ሥራ የተፈጠረውን ለዓመታት ትተን፣ በእሳት ጠብሰንና በጢስ አጥነን አደነደንነው።

የዚህ ሙጫ ምሥጢሩ ከሁለት ወገን መሆኑ ነው። ብረት ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም ጎድጓዳና ሸንተረር የሞላበት ነውና፣ ሙጫው እንደ ፈሳሽ ቀስ ብሎ ወደዚያ ይሰርጋል፤ ሊያነሡት ሲስቡት ደግሞ እንደ ጠጣር ጸንቶ ይቋቋማል። ይህን ለጉባኤው ሳስረዳ «ሁለት ባሕርይ» ከሚለው ቃል ላይ ስደርስ፣ መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው «ጸሐፊ፣ ኬልቄዶን እንዳትገባ!» አሉኝ፤ እኔም ነገሩን ለኬሚስቶች ትቼ ተቀመጥሁ።

ነገሩን የፈቱት የእድሩ ወጥ ሠሪ እናት ናቸው። ከማንም ጋር ሳይከራከሩ የኑግ ዘይት በጨርቅ ነክረው የሙጫውን ቦታ ሁሉ ቀቡና፣ «አሁን ማንም እንዳይነካው፤ ቡናው በረካ እስኪደርስ ይቀመጥ» አሉ። አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ተጠጥቶ ባለቀ ጊዜ፣ አመድና የፈላ ውኃ ያላሸነፉት ሙጫ በአውራ ጣት እየተጠቀለለ ወረደ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የተባለው ለዚህ ኖሯል። ሙጫ ከውኃ ጋር ዝምድና የለውም፤ በሩቁ ከዘይት፣ ከላምባና ከአኳራጅ ጋር ይዛመዳል፤ ስለዚህ ባዕድ ሲታገለው ይጠነክራል፣ ዘመዱ ቀስ ብሎ ሲገባበት አብጦና ለስልሶ ብረቱን ይለቃል። አመዱም ለአህያይቱ ይቅር። የተረፈውን ዘይት ለማስወገድ የመጣው ሳሙና ነው፤ እርሱ በአንድ ጫፉ ከዘይት፣ በሌላው ጫፉ ከውኃ ስለሚስማማ ሁለቱን ባላንጣዎች ይዞ የሚወጣ እውነተኛ ሽማግሌ ነው። ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው እኒያ እናት «እኔ ቡናዬን ነው የጠጣሁት» ብለው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ።

ለሚሞክሩት ሁሉ ጥቂት ተግሣጽ ልጨምር። የኑግ ዘይት ቀባብቶ ማሳደር አይገባም፤ በነፋስ ብዙ ሲቆይ ራሱ ደርቆ ሙጫ መሆን ይጀምራልና። በረኪና በማይዝግ ብረት ላይ ቢቆይ ነቁጥ ይፈጥራል፤ አሉሚኒየምን ደግሞ ያጠቁረዋል። የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው አሴቶን ሙጫን ያስለቅቃል፤ ነገር ግን ቀለም የተቀባ የላሜራ በር ላይ ቢያፈስሱት ከተለጠፈበት ማስታወቂያ ጋር ቀለሙን ይዞ ይወርዳል። ላምባም ሆነ አኳራጅ ከእሳት ርቆ፣ በር ተከፍቶ፣ በኋላም በሳሙና ታጥቦ እንጂ ወጥ በሚሠራበት ዕቃ ላይ እንዲሁ አይተውም።

በዚያ ቀን ድስቶቹ ሁሉ እንደ አዲስ አብረቅርቀው በሣር ላይ ተደረደሩ፤ ዳኛውም ደስ ብሏቸው «ጸሐፊ፣ አንብብና አስረክብ» አሉ። መዝገቡን ገለጥሁ፤ ስሙ ሁሉ በመዝገቡ አለ፤ በድስቶቹ ላይ ግን አንድም ስም አልቀረም። እናቶቹ የየራሳቸውን ለመለየት አንዲቱ በጎባጣ ክዳን፣ ሌላይቱ በተበየደ ጆሮ፣ ሦስተኛይቱም ምሽት ላይ ባልተቆጠበ ድምፅ መከራከር ነበረባቸው፤ ሁለት ድስቶችም እስከ ዛሬ ባለቤት አጥተው በእኔ ቤት ይገኛሉ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ስምህን በሚስማር ጫፍ ከድስቱ ግርጌ ቅረጸው፤ ፕላስተር ካልቀረልህም በለጠፍህበት ሳምንት አንሣው፤ ከቆየብህ ደግሞ ዘይት ቀብተህ ቡና አፍላ፣ ቢላዋውን ለሽንኩርት ተወው።