«ሥራ የለህም?» ለምትሉኝ ሁሉ

በእኛ ሰፈር መዶሻ የያዘ ሠራተኛ ነው፣ ብሩሽ የያዘ ቦዘኔ። ስለዚህ ያገኘኝ ሁሉ አንዲት ነገር ጣል ሳያደርግብኝ አያልፍም። ነገር የጣለ ሰው ደግሞ መልሱን ሳይዝ መሄድ የለበትም። ሲሉኝ የከረሙትን ከነመልሱ እነሆ።

«ቅዳሜን ሙሉ እዚያች ወንበር ላይ ተጎልተህ ትውላለህ። ሥራ የለህም?» ይሉኛል የጎረቤታችን ጋሼ።

ሥራ ላይ ነኝ እኮ ጋሼ! ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ስቀመጥ «በርታ» ይሉኛል፣ ቅዳሜ ሸራዬ ፊት ስቀመጥ «ተጎለትክ» ይሉኛል። ሰው የሚሠራው ለደመወዝ ብቻ ከሆነ፣ እርስዎ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያንን የጓሮ ጎመን ማን ከፍሎዎት ነው በየማለዳው የሚኮተኩቱት? ጎመኑ መሀል ቆመው ፊትዎ ሲበራ ከመስኮቴ አያለሁ። እኔንም የሚያስቀምጠኝ እሱው ደስታ ነው። ጎመንዎን ማንም አይንካብዎት፣ ሸራዬንም ይተዉልኝ።

«ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ትለኛለች አክስቴ።

እንጀራውን በምን ላይ ነው የምታቀርቢው አክስቴ? በመሶብ አይደል? ያንን መሶብ ስትሰፊ እኮ እግርሽ ሥር ቁጭ ብዬ ነው ያደግሁት። ስንደዶውን በግራ እጅሽ አጥብቀሽ ትይዣለሽ፣ በወስፌ ትወጊያለሽ፣ ውኃ ውስጥ የራሰውን አክርማ ታሾልኪና ጥርቅም አድርገሽ ትስቢዋለሽ። አለላው ላይ ስትደርሺ ግን እጅሽ ይቆማል። ቀዩን ከአረንጓዴው አጠገብ ታስጠጊያለሽ፣ ራቅ አድርገሽ ታዪያለሽ፣ አልጥምሽ ሲል ፈተሽ ሐምራዊውን ታስገቢያለሽ። አለላ የሌለበት መሶብ እንጀራ አይዝም እንዴ? ይይዛል! አንቺ ግን መያዙ ብቻ አልበቃሽም፤ ማማር ነበረበት። ቀለም ከቀለም ጋር ሲጣላና ሲታረቅ መጀመሪያ ያየሁት ካንቺ እጅ ነው። እኔን አስተምረሽ ስታበቂ «ከየት አመጣኸው?» አትበይኝ!

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። የልጅነት ጨዋታህን መች ነው የምትተወው?» ይላል አጎቴ።

ተረቱ ከእነ ክብሩ ይቀመጥልኝና አጎቴ፣ ጳጉሜን አስታውስ። እህቶቻችን አበባዬሆሽን ሲለማመዱ እኛ ወንዶቹ ከደብተር መሀል ገንጥለን እንቁጣጣሽ እንስል ነበር። አደዩ ቢጫ መሆን ስላለበት ቢጫው እርሳስ ቀድሞ ያልቃል። እርሳሱ አልደምቅ ሲል ምላሳችንን እናስነካዋለን፣ አፋችን እስኪቀለም። አረንጓዴ ያጣ ልጅ ቅጠል አሽቶ ወረቀቱን ይቀባል። መልአኩ ክንፉን ዘርግቶ፣ ከሥሩ «እንኳን አደረሳችሁ» ተጽፎ፣ በበዓሉ ማለዳ ከቤት ቤት እንዞራለን። አንዷ እናት ሳንቲሙን ሰጥታ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ሌላዋ ግን ብርሃን ላይ አውጥታ ታየዋለች፣ «ክንፉ እንዴት ያምራል!» ትላለች፣ ግድግዳዋ ላይ ትሰቅለዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ለማን ደህናውን ሥዕል እንደምናስቀምጥ እናውቅ ነበር። ያ ሳንቲም በእርግጥ ለራት አልበቃም። ለከለር መግዣ ግን በቅቷል፣ በዚያ ከለር ሌላ ሥዕል ተስሏል፣ ሥዕሉም እስከዛሬ አልቆመም። ያቦካ ልጅ ቡሆው ካልተደፋበት ለድግስ የሚበቃ ጋጋሪ ይወጣዋል።

«ጭንቅላትህ ለኢንጂነርነት ነበር የሚሆነው፤ በሥዕል አባከንከው» ይለኛል አብሮ አደጌ።

አንኮበር የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠና ነበር። እሱ ግን ለንደን ላይ ሥዕል ተማረ። ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው የአንድነት ድርጅቱን የመሠረቱበት አፍሪካ አዳራሽ ገብተህ ቀና በል፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው ባለቀለም መስታወት የእሱ ነው። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ ሲሄድ የታሰበለት የአውሮፕላን ምህንድስና ነበር። ልቡ ወደ ሙዚቃ አደላ፤ ዛሬ ዓለም ኢትዮ ጃዝ ብሎ የሚያዳምጠውን ሠራ። ምህንድስና ትልቅ ሙያ ነው፣ ላንተም ይመችህ። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ወጣቶች ቦታ ሌሎች መሐንዲሶች ተምረው መጥተዋል። ያንን መስታወትና ያንን ሙዚቃ ማን ተክቶ ይሠራልን ነበር? ብክነት የሚባለው ሁለቱም «እሺ» ብለው ቢቀሩ ነበር።

«አንዱን ያዝ! ስትስል ትውላለህ፣ ሲመሽ ክራር ታነሳለህ፣ ደግሞ ግጥም ይቃጣሃል» ትለኛለች የሥራ ባልደረባዬ።

ሐረር የተወለደውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ማን «አንዱን ያዝ» አለው? ጀርመን ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ ተመለሰ፣ አብስትራክት ሥዕልን ለአገሩ ሰው አሳየ፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ግጥሙንም እየጻፈ። ዛሬ ሠዓሊው «የኛ ነው» ይለዋል፣ ገጣሚውም «የኛ ነው» ይለዋል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የኔ ክራር መድረክ አይወጣም፣ እንዲወጣም አልፈልግም። ቀኑን ሙሉ አንድ ቀይ ላይ ሳፈጥ ዓይኔ ይደክምና ቀዩ ቀይ መሆኑ ይጠፋኛል። ያኔ ብሩሹን አጥቤ ክራሬን አነሳለሁ፣ ትዝታን እቃኛለሁ፣ ጆሮዬ ሲሠራ ዓይኔ ያርፋል። ስመለስ ሸራው ላይ የበዛችው ቀይ ራሷን ታሳየኛለች። ምሽቴን በክራር ባላሳልፍ ጠዋት የምስለው ይበላሽ ነበር።

«ለኔም አንድ ነገር ሞነጫጭርልኝ። ላንተ ምን አላት?» የሚለኝ ደግሞ ወዳጄ ነው።

ወዳጄ፣ ሠርግህ ላይ ለድንኳኑ ከፈልክ፣ ለዲጄው ከፈልክ፣ ለቪዲዮ ቀራጩ ከፈልክ። ማናቸውንም «ላንተ ምን አላት?» አላልክም። ቤትህ ግድግዳ ላይ ከልጅ ልጆችህ ጋር የሚኖረው ነገር ላይ ስትደርስ ወዳጅነታችን ትዝ አለህ? ወዳጅነት ዋጋ ማስቀነስ ከሆነ ጠላቴ ሁንና በሙሉ ዋጋው ግዛኝ! ቀለም ሻጩ ዘንድ «ሠዓሊ ነኝ» ብዬ በነፃ አልወስድም። ሸራውን የወጠርኩበት ጣውላም ተገዝቶ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የምስልልህን ነገር ከልቤ ነው የምስለው፤ ከልብ የወጣን ነገር «ሞነጫጭር» ማለት ደስ አይልም።

«ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ለማን ይጠቅማል?» የምትሉኝስ?

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁሙ ይህን ጥያቄ ሰምተው ቢቀመጡ ኖሮ፣ ከዚያ ደጅ የወጡት ሠዓሊዎችና ቀራጮች የት ይማሩ ነበር? የምትሄዱበት ባንክ፣ የምታድሩበት ሆቴል፣ ልጆቻችሁ የሚያነቡት መጽሐፍ ባዶውን ነው? የአንዱ ሠዓሊ እጅ አለበት። ያ ሠዓሊ ደግሞ አንድ ቀን ልጅ ነበር፤ አንድ ሰው «ተወው፣ ይሳል» ብሎለታል።

እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው። ልጃችሁ ግድግዳው ላይ በከሰል መስመር ቢያስኬድ ጆሮውን ከመያዛችሁ በፊት ወረቀት ስጡት። ዛሬ ዛሬ እንቁጣጣሽ ላይ የታተመ ሥዕል የሚያዞሩ ልጆች በርክተዋል። በእጁ የሳለ ልጅ በራችሁን ሲያንኳኳ ግን ሳንቲም ብቻ ሰጥታችሁ አትሸኙት። ሥዕሉን አይታችሁ ተቀበሉት፣ የቱ ጋ እንዳማረ ንገሩት፣ ከጀርባው ስሙን አስጽፉት፣ ከዚያ በደንብ ክፈሉት።