አለቃ ቁራ እና ነጩ ገደል

ተረት ተረት። የላም በረት።

በድሮ ጊዜ ከጉና ራስ እስከ በሽሎ ወለል ድረስ ያሉ ወፎች ሁሉ የአንድ ጎተራ ጥገኞች ነበሩ። ጎተራው ጉና ላይ ነበር፤ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ጓሳውና ጅብራው መካከል፣ ብርዱ ቋንጣን ከትል በሚጠብቅበት ቦታ። ከጉና በስተምዕራብ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። በወዲያኛው በኩል ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እየተቆረሱ እየተቆረሱ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ገደል ይገባሉ። በሽሎ ያ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የተሻገሩት ወንዝ ነው። ሰው ገደል አንድ ጊዜ ከተሻገረ ታሪክ ይጻፍለታል። ጆፌ አሞራ ግን እዚያው ወልዳ እዚያው ታረጃለች፤ የሚጽፍላት የለም።

ሕጉ ቀላል ነበር። ክረምት ገብቶ ጉሙ ሸለቆውን ሲሞላ፣ ጆፌም የምትንሳፈፍበት የሞቀ ነፋስ ስታጣ፣ ጎተራው ይከፈትና ለአንድ ጎጆ አንድ ድርሻ ይታደላል። ለሥጋ በል ቋንጣ፣ ለጥሬ ለቃሚ ገብስ። ድርሻ ካለ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቁጥር ካስፈለገ ደግሞ ቆጣሪ። ንስር ግራ ቀኙን አይቶ ቁራን ሾመ። ለሹመቱ ያበቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ ከሩቅ ሲያዩት የሊቅ ጥምጥም ይመስላል። ድምፁም ወፍራም ነው፤ ቁራ ጉባኤ ላይ ሲናገር የሚያቋርጠው አልተገኘም። መቁጠር ይችል እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

«አለቃ ቁራ፣ ማን የት እንደሚፈለፍል፣ በየገደሉ ስንት ጎጆ እንዳለ ቆጥረህ አምጣልኝ» አለው ንስር።

«በሦስት ቀን፣ ጌታዬ።»

ቁራ ወደ ገደሉ አልወረደም። ቆላው ይሞቃል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ደግሞም አለቃ ነው። ታች ጋይንት አፋፍ ላይ ቆመና ማዶውን ተመለከተ። የጆፌ መንደር ከሩቅ ይለያል፤ በገደሉ እርከን ላይ ጎን ለጎን ስለሚሰፍሩ ኩሳቸው በዐለቱ ላይ እየወረደ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ያስመስለዋል። «ነጭ ካለ ቤት አለ» አለ ቁራ። ነጩን ጭረት በዓይኑ እየለካ በጥፍሩ አሸዋ ላይ ጫረ። ስማዳ ላይ ያለው ትልቁ ነጭ ገደል 100 ጎጆ ተባለ። ወደ እስቴ ያሉት ገደሎች ጥቂት ጭረት ብቻ ስለታየባቸው 7 ተባሉ። ዋኔ ዛፍ ላይ የምትኖር፣ ዐለት የማታቆሽሽ ወፍ ናት፤ ዋኔ የለችም ተባለ።

እውነቱ ሌላ ነበር። ከስማዳው ነጭ ገደል ሥር፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ለጅብ ተብሎ መርዝ የተነሰነሰበት የሞተ በሬ ተጥሎ ነበር። ጅቡ ሳይመጣ ጆፌ መጣች። ጆፌ ብቻዋን አትበላም፤ አንዷ ስትወርድ ያየች ሌላዋን ትጠራለች፣ ያቺም ሌላዋን። በአንድ ሳምንት ገደሉ ተራቆተ። የተረፉት ጥቂቶች ቤታቸውን ጠልተው ወደ ጎን፣ ዐለቱ እንደ ጣሪያ ወደሚያጎነብስበት ጨለማ ስንጥቅ ተሰደዱ። ስንጥቁ ከታች ጋይንት አይታይም። ኩስ ግን ከባለቤቱ ይልቅ ዕድሜ አለው፤ የሞቱት ነጭ እዚያው ዐለቱ ላይ ቀረ።

እናም በዚያ ክረምት 100 ድርሻ ቋንጣ ባዶ ገደል ላይ ተራገፈ። ማን እንደበላው አልታወቀም ተባለ። የቁራ ወንድሞች ግን ያን ዓመት ክረምቱን ወፍረው ወጡ። ስንጥቁ ውስጥ ያሉት ጆፌዎች ጾማቸውን አደሩ።

በሁለተኛው ዓመት ወፎቹ ነቁ። ሞኝ የለም፤ ድርሻ በነጭ ከሆነ ነጭ ማብዛት ነው። ባልና ሚስት ጆፌ ከጠዋት እስከ ማታ ነጭ አፈር በምንቃራቸው እየቆፈሩ ዐለት ይለቀልቁ ጀመር። አንድ ጎጆ ያለው ሁለት ጭረት አወረደ፣ ሁለት ያለው አምስት። ዋኔ እንኳ በዛፏ ግንድ ላይ አመድ ስትነሰንስ ታየች። የሰፈሩ ሽማግሌ ልጁን የሚገሥጸው «ምነው የእኛ ገደል ከጎረቤት ጠቆረ?» እያለ ሆነ። ጥሬ ለቃሚው፣ ሥጋ በሉ፣ ሁሉም ለቅላቂ ሆኖ ዋለ። በዚያ ሁሉ መሃል እንቁላል የሚያቅፍ ጠፋ።

ጆፌ ደግሞ እንደ ዶሮ አይደለችም። የምትጥለው አንዲት እንቁላል ናት። ያቺን አንዲት 55 ቀን ያህል ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ያቅፏታል፤ ከተፈለፈለች በኋላም ጫጩቷ ክንፏን እስክትዘረጋ አምስት ወር ያህል ትጠበቃለች። አንዲቱ ከበረደች ዓመቱ ባዶ ነው።

በመስከረም፣ እንደ ልማዷ፣ ሽመላ ከፈረንጅ አገር ወደ ደቡብ አፍሪካ ስትሻገር ጉና ሥር አረፈች። ሽመላ አገር ያየች ናት፤ ወሬ የምትጠየቀውም እሷ ናት። ጉባኤው ተሰበሰበና ንስር «በሌላው አገር ወፍ እንዴት ይቆጠራል?» አላት።

«በምድር ጫፍ፣ በረዶ ብቻ ባለበት፣ ፔንግዊን የሚባል መብረር የማይችል ወፍ አለ» አለች ሽመላ። «ታላቁ ዘር ንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን ይባላል፤ በቀዘቀዘ ባሕር ላይ ቆሞ፣ እንቁላሉን እግሩ ላይ አድርጎ ይፈለፍላል። እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ሰዎቹ ታዲያ ሰማይ ላይ ሳተላይት ሰቀሉ። ወፉን አያዩትም፤ ትንሽ ነው። በነጩ በረዶ ላይ ያለውን የኩስ ነቁጥ ግን ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በዚሁ መንገድ 38 መንደር አገኙ፣ ከነዚያ 10ሩን ከዚያ በፊት ማንም አያውቃቸውም ነበር። በ2024 ቁጥሩ 66 ደርሷል።»

ቁራ ክንፉን አራገበ። «ሰማችሁ? እኔ ያልኩት ይኸው ነው! በነጭ መቁጠር የዓለም አሠራር ነው!»

(እዚያ ነጩ በረዶው ነው፤ ኩሱ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ቁራ ግን «ኩስ» የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ጆሮው ተዘጋ።)

«አልጨረስኩም፣ አለቃ» አለች ሽመላ። «የእነሱ መሬት በረዶ ነው። በየዓመቱ ይሰበርና ባሕር ይወስደዋል፤ ኩሱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከሰማይ የሚያዩት የዘንድሮውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ቤሊንግስሃውዘን በሚባለው ባሕር በረዶው ያለ ጊዜው ተሰበረ። ጫጩቶቹ ውሃ የሚመክት ላባ ገና አላበቀሉም ነበር። ከአምስቱ መንደር የአራቱ ጫጩት አልቀረም። ነቁጡም ከበረዶው ጋር ጠፋ፤ ሰዎቹ ያን ጊዜ አወቁ። የእናንተ ግን ዐለት ነው፣ ጌቶቼ። ዐለት የአያትን ኩስ ለልጅ ልጅ ያቆያል።»

ጥቂት ዝም አለችና ማንም ያልጠየቃትን ጨመረች። እኔ በበኩሌ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። «በምከርምበት አገር ዳርቻ ያሉት ፔንግዊኖች ደግሞ በረዶ አያውቁም። በደሴት ላይ ኩስ በኩስ ላይ ተከምሮ ተራራ ያህል ሆኖላቸው ነበር፤ እሱን ቆፍረው ከፀሐይም ከጠላትም ተሸሽገው ይፈለፍሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መርከበኞች መጡና ኩሱ ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል ብለው ኢቻቦ የምትባለውን ደሴት እስከ ዐለቷ ዛቋት። የወፎቹ ቤት በመርከብ ተጭኖ ወደ እንግሊዝ ሄደ። እስከ ዛሬ ድረስ ብዙዎቹ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ያቅፋሉ።»

ጉባኤው ዝም አለ። ከወደ ኋላ፣ ላባዋ የሳሳ አንዲት አሮጊት ተነሣች፤ እመት ጆፌ፣ ከስንጥቁ የመጣች።

«አለቃ፣ እርስዎ አንዲት ሌሊት እኛ ዘንድ ቢያድሩ ምን ይጎድልብዎታል?»

«እመት፣ ሥራ ይበዛብኛል።»

«ሥራዎ እኮ እኛ ነን።»

ሣቅ ተሰማ። ንስር ሣቅ አይወድም፤ «እደር» አለው።

ቁራ ወረደ። ሌሊቱን ስንጥቁ አፍ ላይ፣ እመት ጆፌ ጎን ቆመ። ጨለማ ውስጥ ነጭም ጥቁርም አንድ ነው፤ ዓይኑ ሥራ ፈታ። ጎህ ሲቀድ ግን ድምፅ ሰማ፤ የተራቡ ጫጩቶች የሰለለ ጩኸት፣ ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ። ቁራ ቆጠረ። 19። ፀሐይ ወጣችና፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ዐለቱ ሞቆ ነፋሱ ሽቅብ ሲነሣ ወላጆቹ አንድ በአንድ ተንሳፈፉ። ቁራ ከዚያ ወደ ነጩ ገደል ተሻገረ፤ ለቅላቂዎቹ አዲስ ሰፋሪዎች ነበሩ። ድምፅ የለም። በየእርከኑ የቀዘቀዘ እንቁላል አገኘ፣ አጠገቡ ያልደረቀ ነጭ አፈር። የሚጮኹት 3 ብቻ ነበሩ።

ወደ ጉና ተመለሰና የቆጠረውን ተናገረ። በዚያ ቀን ድምፁ ቀጥኖ ነበር ይላሉ።

ተቃውሞው ከቁራ ወንድሞች ይመጣል ብሎ የጠበቀ ተሳሳተ። መጀመሪያ የጮኹት ከስማዳ የመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። «100 የነበርን ዛሬ 22 ልትለን ነው? ማን አስቆጥሮህ? ድርሻችን ይቀንሳል!» የእስቴዎቹ «እኛ አምና ከነጩ በታች ተቆጠርን፣ ዘንድሮ ማን ይሰማናል?» አሉ። ዋኔ ስሟ ሳይነሣ ስለቀረ አለቀሰች። እመት ጆፌ ዝም አለች። ለሙታኑም ድርሻ እየተሰፈረ፣ ሕያዋኑ እንዳይቆጠሩ አደራ የሚል ጉባኤ በዕድሜዋ ያየችው ያኔ ብቻ ነው።

ንስር አሰበ። የጎተራው መዝገብ ከተፋቀ ያለፉት ሁለት ክረምቶች ቋንጣ የት ገባ ይባላል። «አለቃ» አለ በመጨረሻ፣ «ቆጠራህ ከአምናው ጋር አልገጠመም። ተመለስና እስኪገጥም ቁጠር።»

ቁራ እጅ ነሥቶ ሄደ። በዓመቱ አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። የቀረ ሰው ሲጠበቅ «የቁራ መልክተኛ» የሚባለውን ከኖኅ መርከብ ጋር የሚያያይዙ አሉ። የጉና ወፎች ግን ሲሉት ይህን አለቃ ማለታቸው ነው፤ አስበልቶ የጠፋ፣ የተላከበትን የረሳ።

በሽሎ ገደል ውስጥ ግን ማንም እንዲህ አይለውም። አለቃ ቁራ አሁንም ስንጥቁ አፍ ላይ ያድራል፤ ጥምጥሙ በአቧራ ቀልቷል። ጎህ ሲቀድ አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያም በጥፍሩ ይጭራል። አምና 19 ነበሩ፤ ዘንድሮ 21 ሆነዋል።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ ማበሱ ግን ይቅርብኝ፤ ዳቦውን ወደ ስንጥቁ ላኩልኝ።