«ፐርል ሞቷል» ማለትን ለመከልከል የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ማንም ሊነካው የማይደፍረውን አሮጌ ስክሪፕት በሰርቨር ጓዳ የምትጠብቅ፣ እኩለ ሌሊት በስልክ የምትቀሰቀስ የፐርል ወገን ሁሉ፣ ስማ!

ላሪ ዎል የፕሮግራም ቋንቋችንን ፐርልን እ.ኤ.አ. በ1987 ስለሰጠን፤ በ1990ዎቹ የድረ ገጽ ቅጽ የሞላ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የእኛን በር ስላንኳኳ፤ የሰው ልጅ ዘረመል ጥናት መረጃ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ አልግባባ ሲል ያስታረቀው ፐርል ስለሆነ፤ ይህ ሁሉ ውለታ ተረስቶ ትናንት ኮድ የጀመረ ልጅ «ፐርል ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ስለጠየቀ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። «ፐርል ሞቷል» ማለት ክልክል ነው። «በስሏል» ይባል። የደቢያን ሊኑክስ ጥቅል ማዘጋጃዎች ዛሬም በእኛ ቋንቋ ይሠራሉና፣ ቀብር ጠሪው መጀመሪያ የራሱን ሰርቨር ይፈትሽ።

አንቀጽ 2። ተቀናቃኛችን የፓይተን ቋንቋ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ግልጽ መንገድ ይበቃል ይላል። የእኛ እምነት ግን መንገዱ ከአንድ በላይ ነው የሚል ነው። በዚሁ እምነት መሠረት ይህን አዋጅ ማክበሪያውም ከአንድ በላይ ነው፤ አለማክበር ጭምር።

አንቀጽ 3። በየመስመሩ የዶላር ምልክት ስለረጨን የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ አይቅረብልን።

አንቀጽ 4፣ ስለ ቁጥር። ይህ ሆድ ያባሰን ጉዳይ ነው። ፐርል 6 በ2000 ታወጀ፤ አሥራ አምስት ዓመት አስጠብቆ በ2015 በፈረንጆች ገና ደረሰልን። በ2019 ደግሞ «ራኩ» ተብሎ ጎጆ ወጣ። ልጅ ራሱን ሲችል ደስ ይላል፤ ይህኛው ግን 6ን ይዞብን ሄደ። እኛ ከ1994 ጀምሮ 5 ላይ ነን። በየዓመቱ አዲስ ነገር እንጨምራለን፣ የምንጨምረው ግን ከነጥቡ በስተቀኝ ስለሆነ ከሩቅ የሚያይ ሰው እንቅልፍ የወሰደን ይመስለዋል። በ2020 ፐርል 7 ይመጣል ተብሎ ነጋሪት ተጎሰመ። በ2022 ደግሞ ለጊዜው ይቆይ ተባለ።

አንቀጽ 5። አርማችን ግመል ነውና «ውሾች ይጮኻሉ፣ ግመሎች ይጓዛሉ» እያልን ስንጽናና ኖረናል። አሁን የከፋን ጩኸቱ መቆሙ ነው፤ ውሻውም ፓይተን ሊማር ሄዷል። ስለዚህ ፐርልን በአደባባይ የሚሰድብ ማንኛውም ሰው ከዛሬ ጀምሮ እንደ ባለውለታ ይቆጠራል።

አንቀጽ 6፣ ቅጣት። አንቀጽ 1ን የተላለፈ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት ራሱ የጻፈውን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በምስክሮች ፊት ያብራራል። ይግባኝ የለም። (ጠበቆቻችን ቅጣቱ ጭካኔ አለበት ብለዋል፤ አልሰማናቸውም።)

አንቀጽ 7። ይህ አዋጅ ፐርል 7 ከሚወጣበት ዕለት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ዕለቱን በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ማወቅ ለሚሻ፣ ሲፓን በተባለው የሞጁል ግምጃ ቤታችን ውስጥ ቀን የሚያሰላም፣ አኃዙን ወደ ግዕዝ ቁጥር የሚመልስም ሞጁል ተዘጋጅቶለታል።