ስለ ቀይ ቀለም ሹም ሽር የወጣ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሦስት ኮምፒውተር፣ በአንድ ፕሪንተርና በአንድ ጀበና የምትተዳደረው የግራፊክስ ክፍል ነዋሪ ሁሉ፣ ማውስህን አስቀምጠህ ስማ!

የሙሽራው እናት ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ደርሰው፣ ከቦርሳቸው የመጋረጃ ቁራጭ አውጥተው ስክሪኑ ላይ ለጥፈው፣ «የኔ ልጅ፣ ቀዩን ተወውና እንደዚህች ቡናማ አድርግልኝ፤ አንድ ቀለም መቀየር መቼም ደቂቃ አይፈጅም» በማለታቸው፤

የጥሪ ካርዱ ዙሪያውን የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የተሣለበት፣ ጥለቱም 412 ትናንሽ ዳይመንዶች ያሉት፣ እያንዳንዱም ዳይመንድ የራሱን ቀይ በየኪሱ የያዘ ሆኖ በመገኘቱ፤

ከክፍሉ ባልደረቦች አንዱ፣ ስሙን ለክብሩ ስንል የምንዘለው፣ 412ቱን አንድ በአንድ እየተጫነ ሲቀይር አምሽቶ፣ ጠዋት 500ው ካርድ ታትሞ ሲወጣ በቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ ሦስት ቀይ ዳይመንዶች ተቀምጠው በመገኘታቸው፣ እኚሁ እናትም ያለ መነጽር ስላዩዋቸው፤

ነገሩ ለክፍሉ ስምም ለወገብም ደግ ስላልሆነ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የቀይ ቀለም ሹም ሽር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ደንበኛ ፊት ግን አይጠቀስም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ፊል» ማለት የቅርጹን ሆድ የሚሞላው ቀለም ሲሆን «ስትሮክ» ማለት ዳር ዳሩን የሚዞረው መስመር ነው። «ደቂቃ» ማለት ደንበኛ ሲናገረው ስልሳ ሰከንድ፣ ባለሙያ ሲሠራው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚዘልቅ ጊዜ ነው። «ትንሽ ደመቅ ይበል» ለሚለው ቃል ትርጉም ተፈልጎ አልተገኘም።

በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል፤ ምንም እንኳ የክፍሉ ብቸኛ ሴት ከላይ የተዘረዘረውን ጥፋት ሠርታ ባታውቅም።

አንቀጽ 3፦ አንድ በአንድ መጫን ስለ መከልከሉ

የሥዕል ፕሮግራሞቻችን፣ ኢሉስትሬተር በ1987፣ ኮሬል ድሮው በ1989፣ ኢንክስኬፕ በ2003 እ.ኤ.አ. ወደዚህ ዓለም መጥተዋል። ይህን ሁሉ ዘመን የኖሩት እኛ ዳይመንድ እንድንቆጥር አይደለም። ስለዚህ በኢሉስትሬተር የሚሠራ ሰው አንዱን ቀይ ቅርጽ ይዞ ሴሌክት ከሚለው ሜኑ ሴም፣ ቀጥሎም ፊል ከለር ይላል። በኢንክስኬፕ የሚሠራም ኤዲት ውስጥ ገብቶ ሴሌክት ሴም የሚለውን ያገኛል። ኮሬል ላይ ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ አለ። ቀዮቹ በአንድ ጥሪ ብድግ ሲሉ አዲሱ ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። የሌሊቱ ሥራ ይኸው ነበር፤ ጀበናው እስኪፈላ እንኳ አያደርስም።

አንቀጽ 4፦ ጥሪ ሲደረግ ስለማይቆሙ ቀዮች

ሁሉም ቀይ ግን ሲጠራ አቤት አይልም። ግራዲየንት ውስጥ የገባው፣ ግማሽ ቀይ ግማሽ ወርቅ ሆኖ የተቀመጠው፣ ዝም ይላል። ስትሮክ ሆኖ ዳር የቆመውም «የተጠራው ፊል ነው፤ እኔን አይመለከትም» ይላል፤ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። በተቆለፈ ሌየር ውስጥ ያለው እስረኛ ስለሆነ አይመጣም። ፎቶ ሆኖ የተለጠፈው ሎጎ ደግሞ ከነጭራሹ የዚህ አገር ዜጋ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው መንታ መሳዩ ነው። ስክሪናችን 16,777,216 ቀለሞችን በቁጥር ለይቶ ያውቃል፤ የሰው ዓይን ግን #990000ን ከ#990100 አይለይም። ኮምፒውተሩ ይለያል፣ አንዱን ይዞ ሌላውን ይተወዋል። እንዲህ ያሉ መንቶች የሚወለዱት አንድ ባልደረባ ቀለሙን በቴሌግራም ከተላከ ፎቶ ላይ በአይድሮፐር ሲቀዳ ነው። ፎቶው ሲጨመቅ እያንዳንዷ ነጥብ በትንሽ በትንሹ ተንሸራታለች፤ ሁለቴ የቀዳ ሁለት ቀይ ይዞ ይመለሳል። ለዚህ በሽታ ኢሉስትሬተር ማጂክ ዋንድ የሚባል ዘንግ አለው፣ የይቅርታ መጠኑም ቶለራንስ ይባላል። መጠኑን ትንሽ ከፍ ያደረገ መንቶቹን ይሰበስባል። አብዝቶ የለቀቀ ብርቱካናማውን ከነዘመዱ አስሮ ያመጣል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ልብ

ካርዱ መሐል ላይ፣ በሙሽራውና በሙሽሪት ስም መካከል፣ አንዲት ትንሽ ቀይ ልብ ነበረች። ካርዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ባልደረባችን በአንቀጽ 3 መሠረት ቀዩን ሁሉ ጠርቶ፣ ጥለቱን በትክክል ቡናማ አድርጎ፣ በኩራት አሳያቸው። የሙሽራው እናት ጥለቱን አመሰገኑ፤ ከዚያ ጣታቸውን መሐል ላይ አሳርፈው «ልቧ ለምን ደረቀች?» አሉ።

ልጁ የሚመልሰው አልነበረውም፤ እኛም ያን ቀን አልነበረንም። አሁን ግን አለን። ጥለቱ ቀይ የነበረው እናትየው ስለወደዱት ነው፤ ልቧ ቀይ የነበረችው ልብ ስለሆነች ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ቁጥሩን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ኮት ስለለበሱ አንዱ ከሥራ ሲነሳ ሌላውም ይነሳ ማለት በየትም መሥሪያ ቤት አልተሰማም፤ ወይም በብዙዎቹ አልተሰማም።

አንቀጽ 6፦ ስለ ስም አወጣጥ

ከእንግዲህ ማንኛውም ቀለም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስዋች ሆኖ ይመዘገባል። በኢሉስትሬተር ግሎባል የምትለዋ ሣጥን ምልክት ይደረግባትና ስዋቿ ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ ሦስት ማዕዘን ታወጣለች። በኢንክስኬፕም ፊሉን ስዋች ማድረግ ይቻላል፤ በኮሬል ከለር ስታይል አለ። ያን ጊዜ 412ቱ ዳይመንዶች ቀለም በኪሳቸው አይዙም፤ ሁሉም ወደ አንድ መዝገብ ያያሉ። መዝገቡ ሲቀየር ማንም ሳይጠራቸው ይቀየራሉ፤ የተቆለፈ ሌየር ውስጥ ያሉትም ጭምር።

ስዋች ግን በቀለሙ ስም አይጠራም። ባለፈው ዓመት አንዱ «ቀይ» ብሎ መዝግቦ፣ ደንበኛው አረንጓዴ አስደርጎት፣ ዛሬም ፋይሉ ውስጥ «ቀይ» የሚባል አረንጓዴ አለ። ስሙ የሥራው ስም ይሁን፦ «የጥለት»፣ «የልብ»፣ «የስልክ ቁጥር»። ዛሬ ሦስቱም አንድ ቀይ ቢሆኑ ግድ የለም፤ ሦስት ወንበር ናቸው።

አንቀጽ 7፦ ስለ ኤስቪጂ

ይህ ቅርጸት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድረ ገጽ መመዘኛ ነው፤ ሲከፍቱት ጽሑፍ ነው። ኮምፒውተሩ ደክሞ ፕሮግራሙ አልከፈት ካለ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ #990000ን ፈልጎ ሁሉንም መተካት ይፈቀዳል። ኮፒ ሳያስቀር ይህን ያደረገ ራሱን ያስተዛዝን። ልቧን በተመለከተ አንቀጽ 5 እዚህም ይሠራል።

አንቀጽ 8፦ ቅጣት

አንድ በአንድ ሲጫን የተገኘ ለአንድ ሳምንት ቡና ያፈላል። በድጋሚ የተገኘ ስልክ ያነሳል፤ የሙሽራው እናትን ስልክ።

አንቀጽ 9፦ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ከዚህ አዋጅ በፊት «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «እውነተኛ የመጨረሻ» በሚል የተቀመጡ ፋይሎች ሹም ሽሩ አይመለከታቸውም። ማንም አይክፈታቸው።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው የክፍሉ ቀይ ማኅተም ቡናማ ሆኖ የወጣው ባልደረባችን አዋጁን ሲያስውብ አንቀጽ 5ን ገና ስላላነበበ ነው።