ዝምታና ኳስ
«ውድ ደንበኛችን፣ አገልግሎታችንን ለማሻሻል ስንል…» ብሎ የሚጀምር የስልክ መልእክት ሲደርሰኝ ጨርሼ ማንበብ አያስፈልገኝም። የሆነ ነገር ተወስዶብኛል ማለት ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ሊጉ ሊጀመር ሲል የተወሰደው ኳስ ነበር። የፕሪሚየር ሊጉ ቻናል ወደ ላይኛው ፓኬጅ ተዛወረ፤ ኳስ የሌለው የእኔ ፓኬጅ ደግሞ ዋጋው ጨመረ። በምትኩ ፈረንጆች ቀኑን ሙሉ ዓሣ የሚያጠምዱበት ቻናል ተመረቀልኝ። ያን የሚያህል ዓሣ ይይዙና፣ ፎቶ ተነሥተው መልሰው ውኃ ውስጥ ይጥሉታል። ጾም ላይ ቁጭ ብዬ ይህን ማየቴ ሳያንስ እከፍልበታለሁ!

ለዲሽ ድርጅቱ ደወልኩ። ሙዚቃው አልቆ አንዲት ትሑት ልጅ አነሣች።

«እህቴ፣ እኛ እኮ ውል አለን።»

«አዎ ጌታዬ። ድርጅቱ ቻናልም ዋጋም መቀየር እንደሚችል ውሉ ላይ ተጽፏል።»

«የቱ ጋ?»

«ከጀርባው።»

እውነትም አለ፤ ፊደሉ ተልባ ያክላል። ያን ወረቀት የፈረምኩት ዲሽ ሠራተኛው ጣራ ላይ ሆኖ «መጣ? አሁንስ መጣ?» እያለ ሲጮህብኝ ነው። በዚያ ሰዓት ጀርባ የሚያነብ ሰው ካለ እሱ ኳስ አይወድም።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ጠበቃ አለ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጠልኝ። አንቀጽ 1731፦ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው። ደስ አለኝ። አንቀጽ 1686፦ አንዱ ወገን ያወጣው ጠቅላላ የንግድ ደንብ፣ መንግሥት ያወጣው ወይም ያጸደቀው ካልሆነ በቀር፣ ሌላው ሳያውቀውና ሳይቀበለው አያስገድደውም። ጭራሽ ተቁነጠነጥኩ። አንቀጽ 1682፦ ዝምታ መቀበል አይደለም። ይህን እንኳ ባለቤቴ ያለ ጠበቃ አስተምራኛለች።

«ግን 1684 አለልህ» አለኝ። «ነባር የሥራ ግንኙነት ካለ፣ በተለየ ጽሑፍ ‹ውሉን እንቀይር፤ በተገቢው ጊዜ ካልመለስክ እንደተቀበልክ እንቆጥረዋለን› ካሉህ ዝምታህ እሺታ ይሆናል።»

ስልኬን ሰጠሁት። መልእክቱ ስለ መልስ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ እኔ ልመልስ ስል ደግሞ ቁጥሩ መልእክት አይቀበልም።

«ይሄ ያከራክራል!» አለና ዓይኑ በራ። ወዲያው ግን ጠየቀኝ፦ «የምትከፍለው በየወሩ ነው? አስቀድመህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው በከፈልክበት ወር መሀል ከነኩህ ትሟገታለህ። አዲሱን ዋጋ እያወቅህ የሚቀጥለውን ወር ከከፈልክ ግን ምኑን ዝም አልከው? በገንዘብህ እሺ ብለሃል።»

የነገሩ ተንኮል እዚህ ላይ ነው። ውላችን በየወሩ ይሞታል፤ የሚያስነሣውም የእኔው ጣት ነው። ድርጅቱ እኔን ማስፈረም አያስፈልገውም፤ ቅዳሜን መጠበቅ ይበቃዋል።

ቅዳሜ ደረሰ። ጠበቃው የክሱን ረቂቅ ይዞ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የአርሰናል ማሊያውን ለብሶ፣ ቆሎውን ይዞ ከች አለ።

«ክሱስ?» አልኩት።

«ሰኞ እንጽፈዋለን» አለኝ፣ ከሶፋው የተሻለውን ጥግ እየያዘ፤ «አሁን ቶሎ በል፣ የላይኛውን ፓኬጅ በቴሌብር ክፈል፤ አሰላለፍ ወጥቷል።»